በሰው ሲቪ ቃለ መጠይቅ የገባሁ ቀን

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲቪዬ የኔ አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ቤት ያለችው ጸሐፊ ከአንድ የቆየ ፋይል ላይ ስሙንና ትምህርቱን ቀይራ አተመችልኝ። ያንኑ ይዤ ቡሬ ለፋብሪካ ሥራ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ጠያቂው ሽማግሌ አነበቡና "ደግሞ መጣህ?" አሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ ገና ዛሬ መምጣቴ ነው።"

"አንተን አይደለም።" ጣታቸው "የጀመርኩትን ሳልጨርስ አልሄድም" የሚለው መስመር ላይ ቆሟል። "ይችን የጻፋት ልጄ ነው። ሥራ ሲፈልግ ከርሞ ሳያገኝ ሞተ። ይኸው አሁንም በየሰዉ ስም እያመለከተ ይመጣብኛል።"

"የራስህን ጽፈህ ተመለስ" አሉኝ። ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም። መሳቢያቸው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስተኙትና፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ያህል ቀስ አድርገው ዘጉት።