በአክስቴ ለቅሶ ባንድ ለማየት

የምወደው ባንድ ባሕር ዳር መጣ ሲባል ከጎርጎራ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልገኝ ነበር። ፈራሚው ሊቀመንበር ደግሞ «አድኃሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ጽፎ የውጭ ትምህርት ዕድሌን ያስቀረብኝ ሰው ነው። ለዘፈን ብል እንደማይፈርም ስለማውቅ «አክስቴ ሞተች» አልሁት። ፈረመልኝ።

ጣናን በመርከብ ተሻግሬ አዳራሹ ስገባ፣ ከመድረኩ ሥር ኮቱን አውልቆ እስክስታ የሚወርደው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ሊቀመንበሩ! አየኝ። በቃ፣ ታሰርሁ አልሁ በልቤ።

«አንተ! ለቅሶው እዚህ ነው?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«እርስዎስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እኔም ለአውራጃው አጎቴ ሞተ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«እግዜር ያጽናዎት።»

«አንተንም ያጽናህ» ብሎ እጄን ይዞ ወደ ጭፈራው ጎተተኝ። ያን ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም፤ እስክስታ ግን ያውቅበታል።