ውሃ የተሞላው ጓንት

ከማርቆስ ከተማ ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣው ተቆጣጣሪ አዲስ ከመጣው ካርቶን አንድ የሕክምና ጓንት አውጥቶ ውሃ ሞላበትና አፉን አስሮ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። «ካንጠባጠበ ካርቶኑ በሙሉ ይመለሳል» አለ። ባለቤቴ የቆሰለ እግሯን ዘርግታ፣ ነርሷም ጓንት አልቆባት የእሱን ፈቃድ ይጠብቃሉ። የእኔ ዓይን ግን ከተንጠለጠሉት ጣቶች አልነቀል አለ፤ ቁርጥ የላሜ ጡት! እጄ ሳላዘው ሄዶ አንዱን ሳብ ሳብ አደረገው።

«ኧረ አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ ተቆጣጣሪው።

«ልማድ ነው ልጄ» አልሁ ደንግጬ።

ሰውየው እየሳቀ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ዳሰሰ። ጠብ ያለ ነገር የለም። «እንኳን መሰቀል መታለብም ችሏል፤ ተጠቀሚበት» አላት ነርሷን። እሷም ከካርቶኑ ሌላ ጓንት አውጥታ አጠለቀችና ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ባለቤቴ ሕመሟን ረስታ ወደ እኔ ዞረች፦ «አንተ ሰው፣ ደግሞ ጥጃዋን ሳታስጠባ ማለብ ጀመርህ?»