የታረቀኝ መርገጫ

ሆሳዕና፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ ዘነበች ሳሎን ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣችው ልጃቸው መሠረት አጠገባቸው በቤቱ ታብሌት ከብሎክ ቤት የሚሠራበትን ጌም ከፍታለች፤ አባትየው ለቅሶ ቤት ናቸው።

ዘነበች፦ አትንኪው አልኩሽ እኮ መሲ።

መሠረት፦ መች ነካሁት? እያየሁት ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው የቤታችን መብራት ጠዋት ስነሳ በርቷል፣ ምሳ ስንበላ በርቷል፣ አሁንም በርቷል።

ዘነበች፦ መብራት አይደል እንዴ? ሌላ ምን ሥራ አለው?

መሠረት፦ ወንድሜ ታረቀኝ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ሲል መብራቱን ለምን እንደሠራው ረሳሽው? «ሱቅ ውስጥ ስልክ ማውራት አይመችም፤ ማታ ማታ ጌሙ ውስጥ ወዳለው ቤቴ ገብቼ አልጋዬ አጠገብ ያለው መርገጫ ላይ እቆማለሁ፤ የእናንተ ቤት መብራት ይበራል። ከበራ ደህና ነኝ ማለት ነው» አላለም?

ዘነበች፦ ብሏል። ይኸው በርቷል።

መሠረት፦ ሲወርድ ደግሞ መጥፋት አለበት። ልጁ ቀን ሙሉ መርገጫ ላይ ተገትሮ ነው የሚውለው?

ዘነበች፦ እኔ ምን አውቄ። እናንተ ናችሁ ከብሎክ ቤት የምትሠሩት። ለእኔ በርቷል፣ ለአባትሽም በርቷል፣ አለቀ።

መሠረት፦ ተበላሽቷል እማዬ። መስመሩን እስከ መጨረሻው ልከተለው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ዘነበች፦ የሚባለውማ ብዙ ነው። ዝም ባለ አፍም ዝንብ አይገባም ይባላል። ይልቅ ጎመኑን አግዢኝ፤ ወገቤ አልቋል።

መሠረት፦ መጣሁ፣ መጣሁ። ከመብራቱ ቀዩ ዱቄት ይወጣል፤ እንደ ሽቦ ማለት ነው። በግድግዳው ሥር አልፎ ወደ ወንዙ ይሄዳል። የትም ቦታ ሌላ ነገር አልነካውም። ሪፒተሩም በትክክል ዞሯል።

ዘነበች፦ ደግሞ ሪፒተር ምንድን ነው?

መሠረት፦ ምልክቱ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይደክማል። ይሄ ይቀበለውና እንደ አዲስ አበርትቶ ይልከዋል።

ዘነበች፦ ምነው ለእኔም እንደሱ ያለ ባገኝ።

መሠረት፦ እዚህ ጋ አንዷን ዱቄት ላንሳና መብራቱ ይጠፋ እንደሆነ ልሞክር።

ዘነበች፦ አታንሺ። አባትሽ አሁን ይመጣል። ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ያንን መብራት ነው የሚያየው።

መሠረት፦ እሺ፣ አላነሳም። ወንዙን ተሻገርኩ። የታረቀኝ ቤት ይኸው። ገባሁ... እማዬ?

ዘነበች፦ አቤት።

መሠረት፦ መርገጫው ላይ በግ ቆሟል።

ዘነበች፦ በግ?

መሠረት፦ በግ። «ልጃችን ደህና ነው፣ ተመስገን» እያልን የምንተኛው በበግ ነው።

ዘነበች፦ ከሜዳው ገብቶ ይሆናላ። በግ መቼም መግቢያ አያጣም።

መሠረት፦ ገብቶም በሩን ዘጋ፣ ዙሪያውንም ለራሱ አጥር አጠረ?

ዘነበች፦ ይሄ ጎመን ደግሞ ትሉ በዛ።

መሠረት፦ እማዬ፣ እኔን እይኝ እስኪ።

ዘነበች፦ እኔ ነኝ ያስገባሁት።

መሠረት፦ አንቺ?

ዘነበች፦ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ክረምቱ ሲገባ መብራቱ አንድ ማታ ሳይበራ ቀረ። በማግስቱም አልበራም። ስልኩ ዝግ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም» አሉን። አባትሽ ግን መብል ተወ። የግፊት ኪኒኑን እሰጠዋለሁ፤ ቆይቼ ሳይ ኪሱ ውስጥ አገኘዋለሁ። «ልጄ ይግባና እውጠዋለሁ» ይላል። ጌሙ ውስጥ ስንዴ እያሳየሁ በጉን ከሜዳ እስከዚያ ድረስ ስጎትት ዋልኩ። አንዴ ወንዝ ውስጥ ገብቶ አስለቀሰኝ። ማታ መብራቱን ሲያይ «ልጁ ገባ፣ እራት አቅርቢ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይበላል። ይውጣል።

መሠረት፦ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?

ዘነበች፦ አንቺም እንዳትጨነቂ። ለአንድ ቤት አንድ የተጨነቀ ይበቃል።

መሠረት፦ እኔም እኮ ጓደኞቹን ስጠይቅ ከርሜያለሁ። አንደኛው አየሁት ይላል፣ ሌላው ሰምቻለሁ ይላል። ለአንቺ ያልነገርኩሽ መብራቱ በርቷል ስላልሽኝ ነው። እኔም በዚያው በግ ነው የተኛሁት።

ዘነበች፦ አየሽ፣ ለአንቺም ጠቅሟል።

መሠረት፦ አልጠቀመኝም እማዬ። ታረቀኝ ትናንት ማታ ገብቶ ቢሆንስ? ቢረግጠው ምን ይለወጣል? መብራቱ ቀድሞውኑ በርቷል። እሱ ደህና ነኝ እያለ እኛ አንሰማውም።

ዘነበች፦ እሱን አላሰብኩትም።

መሠረት፦ ነጩን ወደ ሜዳ ልመልሰው። ጥቁሩንስ ከየት ነው ያመጣሽው?

ዘነበች፦ የቱን ጥቁር?

መሠረት፦ ከነጩ ጎን የቆመውን።

ዘነበች፦ እኔ ያስገባሁት አንድ ነጭ በግ ነው።

መሠረት፦ ይኸው እዪው።

ዘነበች፦ ወልዶ ይሆናል።

መሠረት፦ ብቻውን?

ዘነበች፦ እንግዲህ ማን ይገባል? ይሄን ታብሌት ከእኔና ከአባትሽ በቀር የሚነካው የለም። አባትሽ ደግሞ እንኳን በግ ሊጎትት ቴሌቪዥኑንም የሚከፍተው ጎረቤት ጠርቶ ነው።

መሠረት፦ መብራቱ አንዳንዴ ጠፋ በራ ይል ነበር?

ዘነበች፦ መጀመሪያ ላይ አዎ። እራት ላይ ድርግም ይልና ነፍሴ ትወጣለች። በኋላ ተወው፤ ጸሎቴ ተሰማ ብዬ ነበር።

መሠረት፦ ነጩ ከመርገጫው ፈቀቅ ሲል ነው የሚጠፋው። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ቢወርድ አንዱ ይቆማል። ይሄን ያሰበ ሰው መስመሩን እንደኔ ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው። እማዬ፣ አባዬ ደውሎ ጌሙ ውስጥ ስንዴ እንዴት እንደሚታጨድ ጠይቆኝ ነበር። ጊዜ ሊያሳልፍ መስሎኝ ነገርኩት።

ዘነበች፦ መቼ?

መሠረት፦ ክረምት ላይ።

ዘነበች፦ ክረምት ላይ። እና ማታ ማታ «ልጁ ገባ» የሚለኝ...

መሠረት፦ አንቺ እንድትበዪ ነዋ።

ዘነበች፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ከፊቴ ቁጭ ብሎ፣ እየሳቀ፣ ውሃ ቅጂልኝ እያለ ነው እኮ ኪኒኑን የሚውጠው። ለካ ሌሊቱን ሁለታችንም ሳንተኛ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምናድረው።

መሠረት፦ የግቢው በር ተንኳኳ። እሱ ነው መሰለኝ። ምን ላድርግ? የበጎቹን አጥር እንዳለ ልተወውና እንዳላየሁ ልሁን?

ዘነበች፦ አይ። በጎቹን አውጫቸው።

መሠረት፦ መብራቱ ይጠፋል እኮ። ሲገባ ያየዋል።

ዘነበች፦ ይየው። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አውጫቸው መሲ፤ ልጄ ሲመጣ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ይኑረው።