የጋለው ማጭድና የመከታ ልብ

ንዴት ለጤናዬ እንደማይበጅ ሐኪም ነግሮኛል። ያን ዕለት ያየሁትን አይቶ የማይናደድ ሰው ካለ ግን እሱ ራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምንወርደው እኔና የእህቴ ልጅ ፈትሂያ ነበርን። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። እሷ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የአንድ ፋብሪካ የጥበቃ ውሾችን ልታክም መድኃኒቷን በሳጥን ይዛለች። ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። ወርደን ስንጠብቅ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተን። ፈትሂያ ሳጥኗን እንደያዘች ሽታውን ተከትላ የቲማቲም ማሳ ለማሳ ገባች፤ እኔም እያጉረመረምኩ ተከተልኳት።

አንድ ሽማግሌ እሳት ዳር ቁጢጥ ብለው ማጭድ ያግላሉ። አጠገባቸው አንድ ዳማ ወጠምሻ ውሻ ከግራር ጋር ታስሮ ይንቀጠቀጣል። ቦዩ ዳር ደግሞ አንድ ትልቅ ውሻ ሞቶ ተጋድሟል፤ ደረቱ ላይ የመተኮሻ ጠባሳ ተደርድሯል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ፈትሂያ። ድምጿ ግን ሰላም አልነበረውም።

«ወአለይኩም አሰላም፤ ኑ አረፍ በሉ» አሉ ሽማግሌው። አባ በሺር ይባላሉ፤ ማሳው የእሳቸው ነው።

«አባባ፣ ይሄ ውሻ ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

«መከታን ነው? ሳል ያዘው። ትንሽ ሮጦ ይወድቃል፣ ከሳ፣ ሆዱ ተነፋ። ደረቱን ብተኩሰው ብተኩሰው እምቢ አለኝ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አጀሉ ደረሰ።»

«ይሄኛውስ? እሱም ያስላል?»

«ኧረ ዳማ ደህና ነው! የመከታ ልጅ ነው። እንዳይዘው አስቀድሜ ልተኩሰው ነው እንጂ።»

ጤነኛውን! ደሜ ፈላ። «ሰውዬ፣ ዕድሜ ልኬን ሳስተምር እንዲህ ያለ ጭካኔ አላየሁም!» ብዬ ጮህኩ።

«ጌታው፣ ቀስ ይበሉ። አባቴም ሲተኩስ ነው የኖረ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲያመው እኔ ዘንድ ነው የሚመጣ፤ እጅህ ሸጋ ነው ይሉኛል።»

ፈትሂያ በእሳቱና በዳማ መሀል ገብታ ቆመች። «አባባ፣ እርስዎ የሚያቃጥሉት ቆዳውን ነው። በሽታው ያለው ልቡ ውስጥ ነው። የልብ ትል ይባላል።»

«ልብ ውስጥ ትል? ማን አስገባው?»

«ቢምቢ።»

አባ በሺር ከት ብለው ሳቁ። «አይ የዘንድሮ ልጅ! ቢምቢ ትል ተሸክማ ትበራለች በይኛ!»

«ወባ ይዞዎት አያውቅም?»

«ኧረ ስንቴ!»

«ቢምቢዋ ወባውን ተሸክማ ስትመጣ አይተዋታል?»

ማጭዱን እሳቱ ላይ ገለበጡት። እኔ ግን ዓይኔ የቲማቲም ችግኛቸው ላይ ነበር። የተዘረጋበት ነጭ መረብ የመኝታ አጎበር ነው! «ሰው እንዲተኛበት የተሰጠውን አጎበር ለችግኝ ያለብሳሉ?» አልኳቸው።

«ወፍ ይለቅምብኛላ!» አሉኝ፣ እኔን እንደ ሞኝ እያዩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት አልናደድ?

ፈትሂያ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝና ቀጠለች። «ቢምቢዋ የታመመውን ውሻ ስትነክስ ከደሙ ጋር በዓይን የማይታይ እጭ ትወስዳለች፤ ሌላውን ስትነክስ ታስተላልፍበታለች። እጩ በወራት ውስጥ አድጎ የሳንባውን ደም ስርና ልቡን ይሞላዋል። የሚያስለው፣ ሮጦ የሚወድቀው ለዚህ ነው።»

«ወሬ ነው። አሳዪኝ።»

«መከታን ልክፈተው? ይፈቅዱልኛል?»

እጃቸውን ወደ ሬሳው ወዘወዙ፤ ከፈለግሽ ክፈቺ ማለታቸው ነው። ጓንት አጠለቀች፣ ደረቱን ቀደደች፣ ልቡን አውጥታ ሰነጠቀችው። እንደ ፓስታ የቀጠኑ ነጫጭ ትሎች ተጠላልፈው ተዘረገፉ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ማጭዱ ከእጃቸው እሳቱ ላይ ወደቀ። ልቡ ላይ ጎንበስ ብለው «ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው ጅብ ሲያባርርልኝ የነበረ?» አሉ።

«አዎ አባባ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ሳይዘው መከላከል የሚባለው እርስዎ ዘንድ አለ። ጤነኛውን ልተኩስ ያሉት ለዚያ ነው። ሐሳብዎ ልክ ነው፣ እሳቱ ነው ልክ ያልሆነው። ሳጥኔ ውስጥ መርፌ አለ። አንዴ ከተወጋ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ቢምቢ የምታስገባውን እጭ ሳያድግ ይገድልለታል። ያደገውን ትል ግን አይገድልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደሙን እመረምራለሁ።»

«ለከብት የሚወጋውን የትል መድኃኒት እኔው ብወጋውስ?»

«ወላሂ እንዳይሞክሩት! መጠኑ ለውሻ አልተሠራም፣ ሊገድለው ይችላል። የውሻው ሌላ ነው፤ እሱንም የሚወጋው ሐኪም ነው።»

«ለመሆኑ መድኃኒቱን ለማን ነበር ይዘሽ የምትሄጅ?»

«ለፋብሪካ ውሾች። ጎማ ባይተነፍስብን እዚያ ነበርን።»

ይኼኔ ሽማግሌው ተነሱ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለፋብሪካ! በዚሁ በደጄ እያለፋችሁ!» ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎም ጌታው፣ ጨካኝ አሉኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እዚህ የወረዱት ግን ጎማ ስለተነፈሰ ነው! መከታ በሕይወት ሳለ የት ነበራችሁ?»

ሲናደዱ እውነታቸውን ነበር።

ፈትሂያ ከዳማ ደም ወስዳ በትንሿ መመርመሪያ አየችው፤ ነጻ ነው። ወጋችው። እጩ ገና ካላደገ ምርመራው ላይ ስለማይታይ ከወራት በኋላ ደግማ እንደምትመረምረው ነገረቻቸው። እሳቸውም ማጭዱን ከእሳቱ አንስተው ቦዩ ውስጥ ነከሩት፤ ችስ ብሎ በረደ።

ለድጋሚ ምርመራው ስንመለስ ዳማ እየጮኸ እስከ መንገዱ ድረስ ተቀበለን፤ አንዴም አላሳለም። ምርመራውም ነጻ ሆነ። ሲተኮሱ የኖሩ የጎረቤት ውሾች በየገመዳቸው ተይዘው ፈትሂያን ይጠብቃሉ፤ የጠሩላት አባ በሺር ናቸው። ችግኙ ላይ አጎበር የለም፤ መኝታቸው ላይ ነው። ጎረቤቶቻቸውንም ሲቆጡ ሰማኋቸው። «የታመመ ውሻ ያሳደረ ሰው ለመንደሩ ቢምቢ ሁሉ ትል እየቀለበ ነው! ውሻህ ደህና ከሆነ የጎረቤትህም ይተርፋል፣ ጅብም ከአጥርህ አይገባም። በዓመት አንድ መርፌ ምን ይከብድሃል?»

«አባባ፣ ዳማ ተርፎልዎታል፤ ቁጣውን ይቀንሱት እንጂ» አለቻቸው ፈትሂያ።

«የምቆጣው እነሱን መሰለሽ?» አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን እያዩ። «መከታ ስተኩሰው ይሄን እጄን ይልሰኝ ነበር። ምራቁን እንደ ሃይማኖታችን ደንብ በአፈርና በውሃ አጠብኩት። እሳቱን ግን ልጄ፣ በምን ልጠበው?»