ከቁልፍ በፊት ሰላምታ

ጋሽ ረጋ በልን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የልጄን መርዶ የነገረኝ ቀን ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ለዚህ የጡረታ ሽኝቱ ንግግሬን ሳዘጋጅ በስፌት ክፍሌ በር ብቅ ብሎ፣ «አደራ፣ ገና ከመጀመሪያው እንዳታስለቅሺኝ» ስላለኝ፣ ወደዚህ ጋራዥ በመጣበት ቀን እጀምራለሁ።

አዲስ የስምሪት ኃላፊ ይመጣል ተብለን በር በሩን እናያለን። አንዲት ትንሽ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለች፤ ብንጠብቅ ብንጠብቅ አትደርስም። ዘበኛችን ተበላሽታ የምትገፋ መስሎት ሮጦ ሄደና ከኋላ መግፋት ጀመረ። ባለመኪናው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ተው! እየነዳሁ እኮ ነው» አለው። ስሙም ያን ዕለት ረጋ በል ሆኖ ቀረ።

እናንተ ሹፌሮች ስንት ጊዜ እንዳማችሁት እኔ ነኝ የማውቀው። የስፌት ክፍሌ እሱ ጠዋት ጠዋት የአውቶቡስ ቁልፍ ከሚሰጣችሁ መስኮት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ እየሰፋሁ ሁሉን እሰማለሁ።

«ቁልፍ!» ይላል ይሄ ቦክሰኛው የምንለው ሹፌራችን።

«እንዴት አደርክ?»

«ደህና።»

«ይሄ ደህና አይመስልም። ከማን ጋር ተጣልተህ ወጣህ?»

«ከሚስቴ ጋር! ምን አገባዎት?»

«በሚስትህ አያገባኝም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዘህ ስለምትወጣ ግን ያገባኛል። ግባና ውሃ ጠጣ።»

ግባ የሚለው ወዴት ነው? ወደ እኔ ክፍል! የተቆጣ ሹፌር ሁሉ እየመጣ ያልተሸፈነ ስፖንጅ ላይ ይቀመጣል። እኔም ዝም ብሎ ከሚያፈጥብኝ ብዬ ክር አስይዘዋለሁ። ቦክሰኛው ምን ያህል ሲጣላ እንደኖረ ከእጁ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ዚፕ ከእኔ እኩል ይተክላል።

ሌላው ሹፌራችን ቀጭኑስ? አንድ ቀን ጉንጩ አብጦ መጣ። ጥርሱን ነው ያመመው፤ አፉ አልከፈት ብሎት በእጁ ምልክት ቢያሳይ፣ ጋሽ ረጋ በል ለቡጢ የጋበዘው መሰለው። ምስኪኑ ጉንጩን በአንድ እጁ፣ የስፌት ክር በሌላው ይዞ ረፋዱን ከእኔ ጋር አሳለፈ።

ምክሩንም ታውቁታላችሁ። «ድንገት ገብቶ የቀደመህ ሰው ሆዱ አስቸግሮት መጸዳጃ ቤት እየፈለገ ይሆናል። አሳልፈው። አንተን እኮ አያውቅህም፣ በምን ይንቅሃል?»

እንግዲህ ጋሼ ይቅር በለኝና ወደዚያኛው ቀን ልመለስ።

ልጄ በሌላ ድርጅት የዕቃ ማመላለሻ መኪና ይነዳ ነበር። ጋሽ ረጋ በል ከስፌት መኪናዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ሞተሩን በእጁ አጠፋና፣ «እህቴ፣ ልጅሽ አረፈብን» አለኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያድበሰብስብኝ፣ የጠየቅኩትን የመለሰልኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ መኪና ድንገት ገባበት። ልጄ ክላክስ አደረገ። ያኛው ሆን ብሎ ፊቱ ፍሬን ያዘበት። ልጄ ተናዶ ሊቀድመው ሲወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ከፊት የጭነት መኪና መጣ። ያኛው መንገዱን ቀጠለ።

እናት ነኝና ያኛውን ብቻ ብረግም ይቀለኝ ነበር። ግን ልጄም ተናዶ ነበር። ያን ጠዋት ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ሸሚዝ ተጣልቶ፣ ቁርሱን ትቶ ነው የወጣው። ማንም እንዴት አደርክ ብሎ አላስቆመውም።

ሥራ ስመለስ ጋሽ ረጋ በል፣ «ነገሩን ለሹፌሮቹ ልንገራቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይሆንም። ልጄ የሰው አፍ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም» አልኩት።

«እሺ» አለ። በማግስቱ መስኮቱ ላይ ሰላምታውን ጀመረ። እናንተ ስታሾፉበት፣ አለቃ ጠርቶ አውቶቡስ አዘገየህ ብሎ ሲቆጣው፣ አንድም ቀን ምክንያቱን አልተናገረም።

ዛሬ እኔው የምነግራችሁ ስለፈራሁ ነው። የሽማግሌ አመል ነበር፣ አብሮት ሄደ ተብሎ እንዳይቀር። ቦክሰኛው፣ ከነገ ጀምሮ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ንዴትን ከአንተ በላይ ማን ያውቀዋል? ጠይቃቸው። ቢሰድቡህ አትመልስ፤ እኔ ጋ ላክልኝ፣ ስፖንጅ ሞልቷል።

ጋሼ፣ ልጄን ልትመልስልኝ አትችልም ነበር። ግን ማታ ማታ ቁልፎቹ ሲመለሱ በግድግዳው ውስጥ እሰማለሁ። በየቁልፉ፣ ዛሬም የአንዷ ልጅ ቤቱ ገባ እላለሁ። ይህን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡልኝ። ለጋሽ ረጋ በል ዕድሜና ጤና! የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው አሉ፤ ቢያረፍዱም በሰላም ይድረሱ!

ከጠጣችሁ በኋላ ደግሞ በየእምነታችሁ ለልጄ ነፍስ አንዲት ቃል ጸልዩልኝ። ለዚያኛውም ሹፌር ጨምሩለት። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም ግን እናት አለችው።