ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስትን በእጃቸው የጻፉት የመጽሐፍ ጠጋኝ ዜና ሕይወት

ወዳጅ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ እዚህ ድረስ አብረናቸው የመጣነው እኅታችን የኖሩት ሠላሳ ሦስት ዓመት ብቻ ነውና ታሪካቸው ረጅም አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አድምጡልን።

የተወለዱት ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ እናታቸው ሲሆን፣ ለቤቱ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብለው ሲሠሩ እርሳቸው ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው ያነቡ ስለ ነበር፣ እናታቸው "ይቺ ልጅ ዓይኗን ጨርሳ ያንን መነጽር ልትወርስ ነው" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ከጓደኛቸው ተውሰው አንድ ልብ ወለድ አነበቡ። ታማ የምትሞት የአንዲት ልብስ ሰፊና የትንሽ ልጇ ታሪክ ነው። ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አሉ።

ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሱ በአንድ ማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ጥረዛ ተምረው፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ባለው የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ አንዲት ከፍ ያለች መስኮት፣ አንድ የብረት መጭመቂያና የማይለቅ የሙጫ ሽታ ነበረው። እዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት መርፌና ክር ይዘው ሲሠሩ ባልደረቦቻቸው "ሐኪሟ" ይሏቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ወረቀቱን በጣታቸው እየዳሰሱ "እዚህ ላይ ተለቅሷል" ይላሉ፤ ሲታይ በእርግጥም ገጹ ሻክሮ ይገኛል። "የሚያስቅ መጽሐፍ የሚያረጀው ከእጅ እጅ ሲዞር ነው፤ የሚያስለቅስ ግን አንዱ ሰው ወደ አንዱ ገጽ ሲመላለስበት ነው" ይሉ ነበር።

በሥራቸው ሁለተኛ ዓመት ያ በልጅነታቸው ያነበቡት ልብ ወለድ ለጥገና መጣ። እናትየዋ የምትሞትበት የምዕራፉ መጨረሻ፣ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት፣ ተገንጥሎ ተወስዷል። ሌላ ቅጂ ቢፈለግ ስላልተገኘ የሚያስታውሱትን በእጃቸው ጽፈው ሰፉበት። በጻፉት ገጽ ላይ ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው፤ እናትየዋ ከመስኮት አጠገብ ባለ አልጋ ተኝታለች፤ ልጅቷ ሰማያዊ ሹራቧን ራሷ ለብሳ ትገባለች፤ ቁልፉን በአንድ ቀዳዳ አዛንፋዋለች፤ እናትየዋም "ተይው፣ እንዲህም ይሞቅሻል" ብላ ዓይኗን ትከድናለች።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚሁ ገጽ ነው። እናቱ የሞተችበት አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጽሐፉን ተውሶ ካነበበ በኋላ፣ ያንን ገጽ የጻፈውን ሰው ለማየት ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። እርሳቸው የሥራ ልብሱን ብቻ አይተው "አምፖሉ እዚያ ጋ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንለምናችሁ" አሉት። እርሱም ማንነቱን ሳይናገር አምፖሉን ቀይሮ ሄደ፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ባለፈው ዓመት፣ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት በስጦታ ከመጡ መጻሕፍት መካከል የዚያው ልብ ወለድ ሌላ ቅጂ ተገኘ። በዚያ ቅጂ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ላይ ሹራብ የለም፤ ቁልፍም የለም። ልጅቷ ጎረቤት ቤት ሳለች እናትየዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትሞታለች። ባለቤታቸው "ታዲያ የሹራቡን ነገር ከየት አመጣሽው?" ቢላቸው "በዓይኔ አንብቤዋለሁ እኮ!" አሉ። በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሚያውሱት አዛውንትም "ምን ነካችሁ? እኔ እኮ ያነበብኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው፤ ሹራቧ ሰማያዊ ነው" አሉ። አዲሱን ቅጂ የተዋሱ ሦስት ሰዎች ደግሞ፣ የገጹ ቁጥር ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ "አንድ ገጽ ጎድሎታል" ብለው መለሱት።

በዚያው ወር የደም ካንሰር ተገኘባቸው። ባለቤታቸው ለማንም ሳይናገር የልጃቸውን ሰማያዊ ሹራብ ቁም ሣጥን አናት ላይ ደበቀው። ሆስፒታል ሲገቡም ከመስኮት የራቀ አልጋ ለምኖ አሰጣቸው። እርሳቸው ግን ገብቷቸው ስለ ነበር "ምነው፣ ፀሐይ ፈራህ?" እያሉ ያሾፉበት ነበር። አምስት ወር ታከሙ።

ባለፈው ማክሰኞ በክፍሉ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ በመፍሰሱ፣ ነርሷ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ ገፋችው። ከቀትር በኋላ ብርዱ ስለ በረታ የልጅቷ አክስት ቤቱን በርብራ ሹራቡን አወረደች፤ ልጅቷም "እኔ ራሴ!" ብላ ቆልፋው ወደ ሆስፒታሉ መጣች። በአንድ ቀዳዳ ተዛንፏል። ባለቤታቸው በሩ ላይ ተንበርክኮ ፈታውና በትክክል ቆለፈው፤ ልጅቷ ተቆጥታ ፈታችው፤ እንደ ገናም አዛንፋ ቆለፈችው። እጁን ዳግመኛ ሲዘረጋ፣ እርሳቸው ከአልጋቸው "ተወው፣ እንዲህም ይሞቃታል" አሉ። በጻፉት ገጽ ላይ ያልነበረው፣ ይህን ሲሉ መሳቃቸው ብቻ ነው። ልጃቸውን አስጠግተው ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ወረቀት ሲዳስሱ እንደ ኖሩት፣ ዳሰሷቸው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ዐረፉ።

ያዘኑላቸው አባትና እናታቸው፣ አንድ ወንድምና አንዲት እኅታቸው፣ ባለቤታቸውና የአምስት ዓመት ልጃቸው ናቸው። በእጃቸው የጻፉት ገጽ ከመጽሐፉ አይወጣም፤ ልጃቸው ማንበብ ስትችል እንደ ማንኛውም ሰው ተራዋን ጠብቃ ትዋሰዋለች።

ዛሬ እዚህ የቆመችው በዚያው ሹራብ ነው። ስትስሟት፣ እባካችሁ፣ ቁልፉን አታስተካክሉባት።

አምላክ ነፍሳቸውን ብርሃን ባለበት ያሳርፍልን። አሜን።