ሰነፏ ኦክቶፐስ

ያን ቀን ጠዋት ከቤት የወጣሁት ክርክር ፍለጋ አልነበረም። ባለቤቴ የባሕር ጃርት፣ ያን እሾሃም የባሕር ምግብ፣ አምሯት ስለነበር፣ ባሕሩ ሸሽቶ ኮራሉ፣ ሕያው የባሕር ድንጋዩ፣ ብቅ ሲል ጥቂት ልለቅምላት ቅርጫት ይዤ ወረድኩ። ባጆ የሚባሉት የባሕር ሰዎች ውሃ ላይ በእንጨት ምሰሶ ቤት ሠርተው በሚኖሩበት በዚህ መንደር ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር እኔ ለልጆቹ ካስተማርኩት አያቶቻቸው ለእኔ ያስተማሩኝ ይበልጣል። ስለዚህ ሽማግሌ ሲናገር ጣልቃ መግባት አልወድም፤ ያን ዕለት ግን አላስቻለኝም።

ከአንድ ቀን በፊት መንደሩ ተሰብስቦ፣ ከቤቶቻችን ፊት ለፊት ባለው ኮራል ላይ ለሦስት ወር ኦክቶፐስ እንዳይያዝ ወስኖ ነበር። ምልክት እንዲሆንም የኮኮናት ቅጠል የታሰረበት ረጅም እንጨት መሃሉ ላይ ተተከለ። አሁን ያን እንጨት በሁለት እጃቸው ጨብጠው የሚወዘውዙት ምቦ ሳደር ነበሩ። ምቦ የምንለው አያትን ነው፤ እሳቸው ግን የመንደሩ ሁሉ ምቦ ናቸው። ስልሳ ዓመት ኦክቶፐስ አድነዋል፤ «በአንድ የባሕር ሽሽት ሰባት ሰነፍ ያወጣሁ!» እያሉ ያልፎከሩበት ሠርግ የለም። ሰነፍ የሚሉት ጦር ሲመጣባት የማትሸሸውን፣ ቀለሟን እንኳ የማትረጨውን ኦክቶፐስ ነው።

ፊት ለፊታቸው፣ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ የልጅ ልጃቸው ዋሂዳ ቆማለች። ከንዳሪ በምትባል ከተማ ሦስት ዓመት ስለ ዓሣ ተምራ የተመለሰችው ባለፈው ወር ነው።

«ምቦ፣ እባክዎ ይልቀቁት።»

«ስትወለጂ እንደ ደንባችን የእንግዴ ልጅሽን ወስዶ ለባሕር የሰጠው ማነው? እኔ ነኝ! ዛሬ አንቺ ነሽ እኔን ከባሕሬ የምትከለክይኝ? ዞር በይ!»

«አልልም።»

«አባትሽ ነገ ወደ ደቡብ ሊሄድ ነው፤ የውሃ በርሜል እየጫነ ነው። ላተፍ ምን ሆኖ እንደተመለሰ ረሳሽው?»

አልረሳችውም፤ ማንም አልረሳውም። ላተፍ የምቦ ሳደር የመጀመሪያ ልጅ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ደጃችን ኦክቶፐስ ሲጠፋ፣ በደቡብ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ የሌላ አገር ባሕር ገባ። የዚያ አገር ጠባቂዎች ጀልባውን ዓይኑ እያየ አቃጠሉበት፤ ስምንት ወር ታስሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ እግሩን ውሃ ነክቶት አያውቅም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው መረብ ይጠግናል። የባጆ ሰው ባሕር ፈርቶ ሲኖር ማየት ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቅ ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ታናሹ ጁሃር፣ የዋሂዳ አባት፣ በዚያው መንገድ ሊሄድ ነው።

«አንድ ትልቅ ኦክቶፐስ፣ አንድ ብቻ፣ ይዤ እግሩ ሥር እጥልለታለሁ» አሉ ምቦ ሳደር። «‹ይኸው፣ ደጃችን ዛሬም ይሰጣል› እለዋለሁ። ያኔ ይቀራል።»

«አባዬ ከስብሰባው በኋላ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት? ‹እንጨታችሁ ሦስት ቀን አይቆምም፤ መጀመሪያ የሚነቅለው አባቴ ነው። እሱ ካልነቀለው ግን እኔም እጠብቃለሁ› ነው ያለኝ።»

ሽማግሌው እንጨቱን ይበልጥ ጨበጡት። ከዚያ የባሰ ተቆጡ።

«ባሕር ሲዘጋ ያየ ማነው? ቤት ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ቁልፍ ነው እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ዋሂዳ በዓይኗ ገረፈችኝ።

«ባሕሩ አይደለም የተዘጋው። ዓሣ በመንጠቆ ይጠመዳል፤ ከደሴቱ ጀርባ ያለው ኮራልም ክፍት ነው። የሚያርፈው ይሄ ብቻ ነው፣ ሦስት ወር ብቻ።»

«ሲያርፍ የሌላ መንደር ጀልባ መጥቶ ይለቅመዋል! እኛ ጦማችንን እያደርን ለሌባ ልንጠብቅለት?»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ስብሰባው ላይ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የወጣው ይህንኑ ነው።

«ለዚህ እኮ ነው ጠባቂ የሚያስፈልገው። የዚህን ኮራል ጉድጓድ ሁሉ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ? ሌባውስ ከእርስዎ ሌላ ማንን ይፈራል?»

«አታሞካሺኝ፤ በከረሜላ የምታለል ሕፃን አይደለሁም።»

ያን ጊዜ ነው እኔ ጣልቃ የገባሁት። «ምቦ፣ በልጅነትዎ እንደ ገንዳ የሚሰፋ ዛጎል እዚህ ሞልቶ ነበር ይሉ የለ? የት ሄደ?»

«ባሕር ተከፋ። ሲከፋው ይነፍጋል፣ ሲደሰት ይመልሳል።»

«ማን አስከፋው?»

«አንተ መምህር፣ ጃርትህን ልቀም!»

ይህን ብለው ድንገት እንጨቱን ለቀቁት። ደስ ሊለኝ ሲል ዓይናቸው ወዴት እንደሄደ አየሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አፍ ላይ ጠጠርና የሸርጣን ቅርፊት ተደርድሯል፤ ኦክቶፐስ ደጇን የምታበጀው እንዲህ ነው። እግራቸው ሥር አጋድመውት የነበረውን የብረት ጦር አንሥተው ሮጡ፤ ከእንጨት የጠረቡትን የመጥለቂያ መነጽር አጥልቀው አጎነበሱ።

«አለች! ሰነፍ ናት! መጋረጃዋን ዘርግታ ተኝታለች!»

መጋረጃ የሚሉት ከጉድጓዱ ጣሪያ የሚንጠለጠለውን ነጭ ነገር ነው። መጋረጃ ያላት አትሸሽም፤ ስለዚህ የዕድለኛ ሲሳይ ናት ይላሉ። ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት መምህር ሆኜ መጋረጃው ምን እንደሆነ አንድም ቀን አለመጠየቄ ያሳፍረኛል።

ጦሩ ተነሣ። ዋሂዳ ደርሳ እጇን ጉድጓዱ አፍ ላይ ዘረጋች።

«እጅሽን አንሺ!»

«አላነሳም።»

«እወጋዋለሁ!»

«ይውጉት።»

ወደ እነሱ ተጠጋሁ። ባሕሩም መመለስ ጀምሮ ውሃው ባቴ ደርሶ ነበር።

«ምቦ» አለች ዋሂዳ፣ እጇን ሳታነሣ፣ «ሰነፍ ሲይዙ ወፍራም ናት ከሲታ?»

«ከሲታ። ሁሌም ከሲታ ናት።»

«ደጇ ላይ ሸርጣን እየተርመሰመሰ ለምን ትከሳለች? ለምን አትበላም?»

ምቦ ጦሩን እንደያዙ ጉድጓዱን ተመለከቱ።

«መጋረጃውን ጠጋ ብለው ይዩት። አንዴ ብቻ። ከዚያ መውጋት ካማረዎት እጄን አነሳለሁ፤ እንጨቱንም ራሴ እነቅልልዎታለሁ።»

ምቦ ሳደር እያጉረመረሙ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ከተቱ። ቀና ብለው «ሩዝ ይመስላል» አሉ። እንደገና ገቡ። በዚህኛው በጣም ስለቆዩ ልጎትታቸው ሳስብ ወጡ። መነጽሩን አውልቀው፣ ጥፋቱ የመስታወቱ ይመስል በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

«ዓይን አለው» አሉ ቀስ ብለው። «እያንዳንዱ ሩዝ ሁለት ሁለት ዓይን አለው። እያዩኝ ነው።»

«ልጆቿ ናቸው ምቦ። እንቁላሎቿን እያጸዳች፣ ውሃ እየነፋችባቸው፣ ወር ሙሉ ምግብ አትቀምስም። ሲፈለፈሉ እሷ ትሞታለች።»

«የምትሞት ከሆነ ብበላትስ ምን አጎደልኩ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ጉልበት አልነበረውም።

«ዛሬ ከወሰዷት እነዚህን ሁሉ ዓሣ ይጨርሳቸዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ከሺው ጥቂቱ ቢያድግ እንኳ ኮራሉ ይሞላል። ኦክቶፐስ እንደ ዛጎል ዓመታት አትፈጅም፤ ዛሬ ጡጫ የምታክለው በሦስት ወር ሁለት ኪሎ ትመዝናለች።»

ሽማግሌው ውሃው ውስጥ ቁጭ አሉ።

«ሰባት» አሉ። «በላተፍ ሠርግ ሰባት ሰነፍ አወጣሁ። መንደሩ ሁሉ አጨበጨበልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ደጃችንን አራቁቼ ላተፍን ወደ ደቡብ የሰደድኩት እኔ ነኝ?»

«አይደሉም» ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ውሸት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

«ሁላችንም ነን ምቦ። እኔም በልቻለሁ።»

ተነሡ። ወደ እንጨቱ ተመልሰው አቀኑት፤ ሥሩን በድንጋይ አጠነከሩት። ከዚያ ሦስታችንም ጁሃር ወደሚጭንበት ጀልባ ሄድን። ጁሃር የአባቱን ባዶ እጅ አይቶ ፈገግ አለ።

«ኦክቶፐስ የለም?»

«ቤቷ ናት።»

«እንጨቱስ?»

«ቆሟል። የሚነቅለው ሰው መጀመሪያ እኔን ይነቅላል።»

ጁሃር አባቱን፣ ከዚያ ልጁን፣ ቆይቶ ደግሞ እኔን አየ። እኔ በቅርጫቴ አንድ ጃርት እንኳ አልያዝኩም። ምንም ሳይናገር አንዱን በርሜል አወረደ። ሁለተኛውን ምቦ ሳደር ራሳቸው አወረዱት።

አንባቢ ሆይ፣ ሦስቱ ወር ቀላል አልነበረም። ያጉረመረመ ብዙ ነው፤ ሁለት እንግዳ ጀልባዎችን ምቦ ሳደር በስድብ ብቻ መልሰዋል። ግን በመክፈቻው ቀን ሴቶቹ ሳይቀሩ የሚሸከሙት እስኪያቅታቸው ያዙ። ኦክቶፐስ ለማውጣት ኮራል የሚሰበርበት ብረት ተከለከለ፤ መጋረጃ ያላት አትነካም ተባለ። ያን ዓመት ከመንደራችን አንድም ጀልባ ወደ ደቡብ አልሄደም። የአባቶችን ሙያ ማክበር ማለት ስህተታቸውንም መውረስ አለመሆኑን እኔም የተማርኩት ከዚህ ነው።

በዚያው የመክፈቻ ቀን መጀመሪያ ጦር የመሰንዘር ክብር የተሰጠው ለምቦ ሳደር ነበር። አንድ ጉድጓድ ላይ አጎንብሰው ቆዩ፤ ነጭ መጋረጃ አይተው ግን ጦራቸውን አላነሡም። ቀና ብለው ወደ ቤታቸው በረንዳ ተጣሩ።

«ላተፍ! ና የማሳይህ አለ!»

ላተፍ መረቡን አስቀመጠ። መሰላሉን ቀስ ብሎ ወርዶ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያ እግሩን ውሃ ውስጥ ከተተ፤ አባቱ አጠገብ ደርሶ የእንጨት መነጽሩን ተቀበላቸውና ፊቱን ወደ ውሃው ደፋ።